ከዳር አራት መቶ እርምጃ

ወረታ፣ መስከረም 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀላል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ያንን ብርዳም አገር ያሙቅልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትህም እንዳለ አለ። ግራ ጎኑ እንደተያዘ ነው፤ ምላሱም አልተፈታም። በቀን ሁለት ሦስት ቃል ከወጣው ትልቅ ነገር ነው። በግንቦት ወንዛዬ ወስጄ ሰባት ቀን ፍል ውኃ አስገብቼው ነበር። እዚያ ሳለን ጣቶቹ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፤ ቤት ስንመለስ ግን ያው ሆነ። አንተ አትጨነቅ። ወንድሜ ነው፤ እኔ እያለሁ አይርበውም፣ አይቆሽሽም።

ይህን በስልክ ያላልኩህ ሱቄ ውስጥ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ነው የሚሄደው። ደግሞ በስልክ «እሺ አክስቴ፣ እሺ አክስቴ» ትልና ታልፈዋለህ። ወረቀት ግን ቁጭ ብሎ ያይሃል። ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችው የአሪፋ ልጅ ያስሚን ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አንተም ጽፈህ ላክ፤ አትማ ታመጣልኛለች።

አንድ ነገር ሰማሁ። በጥቅምት ከፈረንጆች ጋር መጥተህ የጣናን ወለል ልታስስ ነው አሉ። ያስሚን በስልኳ አሳየችኝ፤ ብርቱካንማ ልብስ ለብሰህ መርከብ ላይ ቆመሃል። ከሰጠመ ሦስት መቶ ዓመት የሆነው መርከብ አገኘ ይላል አለችኝ። ሦስት መቶ ዓመት። የእኔ ልጅ ከሰጠመ ገና ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው።

ጀላል፣ አብዱልሃኪምን ፈልግልኝ። አንተ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ፈተና ላይ ስለነበርክ ነገሩን በወሬ ነው የምታውቀው። ሰኔ 3 ቀን 2005 ደቅ ደሴት ጨውና ሳሙና አድርሶ ሲመለስ ነው የቀረው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አባትህ ናበጋ ዳር ሆኖ ሲጠብቀው ነፋሱ ተነሳ፤ ጀልባዋ ከመሃል ሐይቁ ላይ እንደ ነጥብ ታይታ ጠፋች። ሐይቁ የመለሰልኝ አንድ ጄሪካንና አንድ እግር ጫማ ብቻ ነው። ጀልባዋ የብረት ናት፣ ሰባት ሜትር። ብረት ደግሞ ታገኛለህ ብለውኛል። እሷ ካለች ልጄም ከዚያ አይርቅም። አጥንቱን አጥቤ፣ ከፍኜ ልቅበረው። ሌላ ነገር አልጠይቅህም፤ ብር አትላክልኝ፣ ስልክ አታምጣልኝ።

አክስትህ ሀቢባ


በርገን፣ መስከረም 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለሀቢባ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ለአባባ ስለሚያደርጉላቸው ሁሉ አላህ በጀነት ይክፈልዎ። እኔ ልጃቸው ሆኜ ያላደረግሁትን እርስዎ እያደረጉ መሆኑን አልረሳም።

ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። ግን ሥራዬ ከሩቅ እንደሚመስለው አይደለምና ቀድሜ ላስረዳዎ። ከጀልባ ኋላ በገመድ የምንጎትተው መሣሪያ አለ፤ ሶናር ይባላል። ድምፅ ወደ ወለሉ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ሥዕል አድርጎ ያወጣዋል። ከወለሉ ቀና ያለ ነገር ካለ ጥላው ሥዕሉ ላይ ይወድቃል። ብረት መኖሩን የሚለይ ሌላ መሣሪያም አለን። የምንሠራው ልክ መሬት እንደሚታረስ ነው፤ ትልም በትልም፣ አንድም ሳንዘል፣ ቀኑን ሙሉ ስንመላለስ እንውላለን። እዚህ ኖርዌይ የኤሌክትሪክ ገመድ በባሕር ሥር ከመዘርጋቱ በፊት የሰጠሙ ጥንታዊ መርከቦች መኖራቸውን የማጣራው እንዲህ እየተመላለስኩ ነው። አንዳንዴ ወር ሙሉ ሄጄ የማገኘው የተጣለ ጎማ ነው።

ጣና ደግሞ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የተፈቀደልን የጥንት ጀልባዎችና ወደቦች ቅሪት ካለ ብለን ከምሥራቁ ወገን ትንሿን ክፍል እንድናይ ብቻ ነው። ሆኖም አንድ ጠዋት ከሥራው ሰርቄ እፈልጋለሁ፤ ቃሌ ነው። እርስዎ ግን ተስፋዎን ዝቅ አድርገው ይጠብቁኝ። ባላገኝ እንዳይቀየሙኝ።

አባባ ስለዚያ ቀን አንዳንዴ ያነሳሉ? የሚሉት ነገር ካለ ቢነግሩኝ ለፍለጋው ይረዳኛል።

ልጅዎ ጀላል


ወረታ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀላል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እንጀራህን ያስፋው።

መጣህ፣ ሄድክ። ኅዳር 2 ቀን ምሳ ሰዓት ገብተህ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ወጣህ። ዶሮውን ሦስት ጊዜ ጎርሰህ ሆዴን አመመኝ አልክ። የፈረንጅ ምግብ ሆዱን አሳንሶበታል ብለን ሳቅንብህ፤ አንተ ግን አልሳቅክም። አባትህ አንተ እንደገባህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔማ እንባውን ሊደብቅ ነው ብዬ ተውኩት። አሥር ደቂቃ አጠገቡ ተቀምጠህ ግድግዳውን አብራችሁ አያችሁ፤ ከዚያ ብድግ አልክ። ስለዚያ ቀን ያነሳል ወይ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አያነሳም። ደህና ሳለም አላነሳም።

ጀልባዋን ስጠይቅህ «ሥዕሉ ኮምፒዩተር ላይ ተሠርቶ ነው የሚለየው፤ ሁለት ሳምንት ይወስዳል» አልከኝ። አምስት ሳምንት አለፈው። እዚህ ሩዝ ታጭዶ እየተወቃ ነው፤ መፈልፈያው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ እርስ በርስ አንሰማማም። ስልኬ ቢጠራ አልሰማም ብዬ በየሰዓቱ አየዋለሁ። ያስሚንም ተሰላችታለች፤ ገና ሱቋ ደጃፍ ስደርስ ራሷን ትነቀንቅልኛለች።

ካገኘህ አገኘሁ በል። ካጣህም አጣሁ በል። አጣሁ ብትለኝ አልሞትም፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሞትኩ ሴት ነኝ። ዝም ስትለኝ ግን የሆነ ነገር የያዝክ ይመስለኛል።

አክስትህ ሀቢባ


በርገን፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ፣

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ልብዎን ያጽናልዎ። በመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ከዚያም በላይ እርግጠኛ ሳልሆን ቃል ማውጣት አልፈለግሁም።

አግኝቻታለሁ። የእርስዎ ጀልባ ናት፤ ርዝመቷም ብረትነቷም ልክ ነው። አባባ እንዳሉት ከመሃል ሐይቁ፣ ከናበጋ ዳር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው። ጥልቀቱ አሥራ ሦስት ሜትር ነው፤ ግማሽ ጎኗን ጭቃ ውጦታል። አክስቴ፣ እዚያ ጠላቂ ማስገባት አይቻልም። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ለሰው የገዛ እጁ እንኳ ዓይኑ ሥር አይታየውም። ብንችልም በሙያችን የሰው ቅሪት ያረፈበትን ቦታ መንካት ትልቅ ነውር ነው። ሐይቁ መቃብሩ ሆኗል፤ እንደዚያ አድርገው ይያዙት። በሩቅ ለሞተ የሚሰገደውን ሰላት ሸሆቹ እንዲያሰግዱልዎ ያድርጉ፤ ልብዎ ያርፋል።

ሥዕሉን ልኬልዎታለሁ። ነጣ ያለው ጀልባዋ ናት፣ ጥቁሩ ጥላዋ ነው። አልተሰቃየም አክስቴ። በዚያ ስፍራ፣ በዚያ ነፋስ፣ ነገሩ የደቂቃ ነው። የሚሰማውም የሚደርስለትም ሰው አይኖርም።

ልጅዎ ጀላል


ወረታ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለጀላል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን እየተገባደደ ነው፤ በፆም አፌ መርቄሃለሁ። የእናት ልብ ያሳረፈ ልጅ ነህና አላህ በልጆችህ ያሳርፍህ። ያወጣህ አገር ይውደድህ፤ ነፋስ አይንካህ።

ሸሆቹ አሰገዱልኝ። ጁሙዓ ቀን መስጊዱ እስከ ደጃፉ ሞልቶ ነበር፤ ከይፋግና ከሐሙሲት ሳይቀር የመጡ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ልጄን «የጠፋው» ሲሉት የነበሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ «ረሂመሁላህ»፣ አላህ ይዘንለት አሉት። አልቅሼ ወጣልኝ። «አልተሰቃየም» ያልካትን ቃል ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። ሥዕሉን ያስሚን በላስቲክ አሽጋ ሰጥታኛለች፤ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ አለ። ሥዕሉ ከሥሩ ተቆርጧል፣ ቁጥር ነበረበት አለችኝ። ምን ቸገረኝ፣ ጀልባዋ እንደሆነች ትታያለች።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ናበጋ ወርጄ ውኃው ዳር ቆሜ ዱዓ ላደርግለት እፈልጋለሁ፤ ወደ የት ወገን እንደምመለከት ግን አላውቅም። የሩዝ ማሳችንን ለክቶ አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር የሰጠን ውበቱ የሚባል መሬት ለኪ አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው። የእናንተ ሪፖርት ቅጂ ለመሥሪያ ቤታቸው ደርሷል አለኝ። ከበዓል በኋላ ቦታውን አይቶ በጣቱ ሊያሳየኝ ነው። ስለዚህ አንተን አላስቸግርም።

አባትህ የሰላቱ ቀን ምግብ አልበላም። ኀዘን ነው።

አክስትህ ሀቢባ


በርገን፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ነው የምመልሰው።

ሪፖርቱን በተመለከተ እባክዎ እንዳይደክሙ። ያ ወረቀት ገና ያልታረመ ነው፤ ቁጥሮቹም የባሕር ሥራ ላልተማረ ሰው የሚያሳስቱ ናቸው። መሬት ለክቶ የሚያውቅ ሰው ውኃ ላይ ይሳሳታል። ውበቱ ቅን ሰው ይሆናል፤ ግን የማይሆን ነገር ነግሮ የረጋ ልብዎን እንዳያውክብዎ እፈራለሁ። አቅጣጫውን እኔ እነግርዎታለሁ፤ ከናበጋ ዳር ቆመው ወደ ፀሐይ መግቢያ ይመልከቱ። በቂ ነው።

ሌላ ያሰብኩት ነገር አለ። ዘንድሮ ወይም ከርሞ መካ ለዑምራ ልልክዎ እፈልጋለሁ። ሙሉ ወጪውን እኔ እችላለሁ። እዚያው ሆነው ለአብዱልሃኪም ዱዓ ቢያደርጉ አይሻልም? አባባንም እስኪመለሱ ባሕር ዳር ጥሩ ቦታ እናስቀምጣቸዋለን። ፈቃድዎ ከሆነ ፓስፖርት እንዲያወጡ ሰው አዛለሁ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ጀላል


ወረታ፣ ሰኔ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጀላል፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ነገ ዓረፋ ነው፤ ምርቃቱን ግን ለዛሬ ትቼዋለሁ።

ሚያዝያ ላይ በሁለት ቀን ስትመልስልኝ ነው የደነገጥኩት። ልጄን ልታገኝልኝ አምስት ወር የፈጀህ ሰው፣ ወረቀት እንዳላይ በሁለት ቀን ደረስክ። ዑምራ ደግሞ ጨመርክበት።

ውበቱ ሪፖርታችሁን አነበበልኝ። እንግሊዝኛውን አላውቅም፤ ቦታ የሚያመለክተውን ቁጥር ግን አውቃለሁ። ፎገራ ውስጥ ማሳ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በነዚያው ቁጥሮች ነው ከጎረቤት ጋር ስለ ድንበር ስንካሰስ የኖርነው። ከአገርህ ከወጣህ ቆይተሃልና ይህን አላወቅክም። ለባሕር ሰዎች እውነቱን ጻፍክ፣ ለእኔ ውሸቱን። እነሱ ፊት ስምህ እንዳይበላሽ ነው፤ እኔ ፊት ግን ቢበላሽም ግድ አልሰጠህም።

ሰባት ሜትር የብረት ጀልባ፣ የተገለበጠች፣ ጥልቀት ሦስት ሜትር ከስድሳ። ይህ ነው የተጻፈው። ውበቱ ቁጥሩን ስልኩ ውስጥ አስገብቶ ናበጋ ወሰደኝ። ሰውመሆን የሚባል ዓሣ አጥማጅ ቦታውን ስናሳየው «እዚያማ መረባችንን የሚበላ ድንጋይ አለ» አለን። ስንት ዓመት ድንጋይ እያሉ ሲራገሙት ኖረዋል። ከዳር እስከዚያ በገመድ ለካነው። አራት መቶ እርምጃ አይሞላም። እኔ ከዳር ቆሜ ሰውመሆን እዚያ ሆኖ ስሜን ሲጠራኝ፣ ጎረቤት ቤት እንዳለ ሰው ነው የሰማሁት።

ጥልቀቱንም ላርምህ። ሦስት ከስድሳ የሆነው በጥቅምት፣ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ስለለካችሁት ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ሁለት ሜትር ነው። የልጄ ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ነበር። አንድ ስንዝር ጎድሎት ነው የሞተው፤ ዋና አያውቅም።

ሰኔ 8 ቀን አወጣናት። ሰውመሆንና ሦስት ጓደኞቹ ጠልቀው ገመድ አሰሩ፤ ሁለት ጀልባ እየጎተተ ወደ ዳር አቀረባት፤ ከዚያ በሬ ተጠመደባት። ስትገለበጥ አጥንቱ ከጭቃው ጋር ነበር። ቀበቶው፣ ያ ለዒድ የገዛሁለት፣ ዘለበቱ እንደተቆለፈ ነበር። ጭቃውን በወንፊት አበጥረን ጣቶቹን ሳይቀር ለቀምኩ። ከፈኑን ጠቅልለው ሲያሳቅፉኝ ክብደቱ ሕፃን ሳለ ካቀፍኩት አይበልጥም። አንተ ነውር ነው ያልከውን ነገር አድርጌ ልጄን ቀበርኩ።

ከቀብር ስመለስ አባትህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እንደ ነጥብ ታይታ ጠፋች ያልከኝ አራት መቶ እርምጃ ላይ ያለችውን ነው?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ያንኑ ቀን ራቱን አበላሁት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ የጻፍኩልህም ለእሱ ነው። ውበቱ የሄዳችሁበትን የሚያሳየውን ካርታ ዘርግቶልኝ ነበር። እያንዳንዱ መስመር ቁጥርና ቀን አለው። ከመስመር ሁለት ጀምሮ ያለው ሁሉ አንተ እንዳልከኝ እንደ ትልም ተደርድሯል። መስመር አንድ ብቻ ለብቻው ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከናበጋ ዳር ተነስቶ፣ ሳይወላውል፣ ቀጥ ብሎ ጀልባዋ ላይ ደርሶ ይቆማል። ውበቱ መስመሩን በጣቱ ተከተለውና «ይሄ የሚፈልግ ሰው መንገድ አይደለም» አለ።

አባቱ ነግሮት ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን በወሬ የሰማ ሰው እንዲህ አይሄድም፤ ወዲህ ወዲያ ይላል። ጀላል፣ ሰኔ 3 ቀን 2005 የት ነበርክ?

ሀቢባ


በርገን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ፣

ቢስሚላህ። ሰላምታ ለመጻፍም አፈርኩ፤ ግን የአላህ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ከነሐሴ ጀምሮ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፤ ስልኩም አልሠራልኝ አለ። ይህን ከአዲስ አበባ ጨርቅ በሚያመላልስ ነጋዴ እጅ ልኬዋለሁ። ነሐሴ ሳይመጣ አምስት ሳምንት ነበረኝ፤ ያኔ ያልጻፍኩት ስለፈራሁ ነው።

ናበጋ ዳር ነበርኩ። ፈተናዬ ቀድሞ አልቆ እሁድ ማታ ወረታ ገብቼ ነበር፤ ሱቅ ሄጄ ሳልስምዎ ሰኞ ጠዋት አባቴ ጭነት እናወርዳለን ብለው ይዘውኝ ወረዱ። ዝናቡ ሲያጉረመርም ሌላው ሰው ሁሉ ሄደ፤ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጀልባዋ ስትመጣ አይተናታል። ነፋሱ ከጎን መትቶ ገለበጣት። አብዱልሃኪም ሆዷ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራ ነበር። ስሜን ነበር የሚጠራው።

የአባቴ ጀልባ ዳር ታስራ ነበር። ልሄድ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። «አንተንም ሐይቅ አላስበላም» አሉ። ታገልኳቸው፤ አልለቀቁኝም። ሩብ ሰዓት ያህል ጮኸ። ከዚያ አልሰማነውም። የዚያኑ ቀን በሚያልፍ መኪና ወደ ባሕር ዳር መለሱኝና አልነበርክም፣ አላየህም አሉኝ። እኔም አልነበርኩም አልኩ።

ይህን ሙያ ለምን መረጥክ ሲሉኝ ስለ ታሪክ አወራለሁ። እውነቱ ግን ውኃ ሥር ያለውን ነገር ሳላይ መተኛት ስለማልችል ነው። የማላውቃቸውን ሰዎች መርከቦች ሁሉ አገኘሁ። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ጣና ላይ ስደርስ እጄ ራሱ መሪውን ወደዚያ አዞረው። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ብዬ የዋሸሁት ጩኸቱን እንዳይሰሙት ብዬ ነው፤ አባቴንም ለማዳን።

ለእኔ ምንም አልጠይቅም። ስለ አባቴ ግን እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ጥፋቱ የእሳቸው ቢሆንም ያደረጉት ለልጃቸው ብለው ነው። ሞት ሳይቀድማቸው ይቅር፣ አውፍ ይበሏቸው። እንዴት ናቸው? ይናገራሉ? ስሜን ያነሳሉ? አንድ ቃል እንኳ ያሉት ካለ፣ ምንም ይሁን፣ ይላኩልኝ።

ጀላል


ወረታ፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጀላል፣

የቀረበልኝን ሰላምታ መመለስ ግዴታዬ ነውና ወዓለይኩም ሰላም።

ነጋዴው መንገድ ተዘግቶበት ደብዳቤህ ኅዳር 20 ቀን ነው የደረሰኝ። ስለ አባትህ ብለህ ስለጻፍከው ለእሱ ላነብለት አሰብኩ። ትራሱን ከፍ አድርጌ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ከቢስሚላው ጀምሬ አነበብኩለት። «አባቴ እጄን ያዙኝ» የሚለው ላይ ስደርስ በደህናው እጁ ክንዴን ጨመቀኝ።

«አይደለም» አለ።

ጠበቅኩት። እያንዳንዷ ቃል ስትወጣ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። እስከ ዙህር ሰላት ፈጀን። «ገመዱን ፈታሁ። ና አልኩት። ዋና ይችላል። እግሬ ላይ ወደቀ። እግሬን ያዘ። አትሂድ አለ። አለቀሰ።» ይህን ነው ያለው። አንድም አልጨመርኩበትም።

የሃያ ሁለት ዓመት ወንድ ነበርክ። ልጄ ስምህን ሲጠራ አንተ የአባትህን እግር አቅፈህ ነበር። ይህን አውፍ ልልህ እችል ነበር፤ ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሰውየው ግን አሥር ዓመት ለአንተ ሲል ዋሸ፤ እኔን እህቱን ዋሸ፤ ልጄን ባሳደግሁበት ቤት ተኝቶ እያጎረስኩት ዋሸ። አንተ ደግሞ አንዴ እውነት መናገር ሲገባህ ጥፋትህን አንስተህ በእሱ ላይ ጫንከው። አፍ የሌለው መስሎህ።

ደብዳቤህ ከተነበበለት በኋላ ሃያ አራት ቀን ኖረ። ታኅሣሥ 14 ቀን ሞተ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የሴት እጅ ሳይነካው ወንዶቹ አጥበው ከፈኑት። ቃሬዛው ሊነሳ ሲል ሸሁ እንደ ደንቡ «ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፤ የሌለው አውፍ ይበለው» አሉ። ሰው ሁሉ አውፍ ብለናል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ የአብዱልሃኪምን ነገር ከሰኔ ጀምሮ ያልሰማ የለም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። አውፍ ብዬዋለሁ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ለልጁ ብሎ ዋሸ፤ እኔም ለልጄ እዋሽ ነበር።

ለጥያቄህም መልስ ልስጥህ። ተናግሯል። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት አስጠራኝ። «አማና ነው፣ ለጀላል ንገሪው» አለና ስድስት ቃል ተናገረ። እንዳልረሳው ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ምርቃት ይሁን እርግማን፣ አውፍታ ይሁን ክስ፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አማና፣ የሟች አደራ የበላ ሰው ነገ አላህ ፊት ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ልጠየቅበት። አልነግርህም።

ሀቢባ